ሳሙና ቤንዚንን ለምን ያቆማል? የአሮጌ ፒክአፕ የነዳጅ መሙያ አንገት ታሪክ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከከተማ ርቆ የመኪና ነዳጅ ታንክ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ልምድ ያለው ሾፌር ምን ያደርጋል? ደረቅ የልብስ ሳሙና ያወጣል፣ በእጁ ያሽና ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ስንጥቁ ላይ ጠቅጥቆ ይለጥፈዋል። ይሠራል! ቤንዚኑ ይቆማል፣ መኪናዋም ቀጣዩ ከተማ ትደርሳለች።

እሺ፣ በሳሙናው ፋንታ ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ ቢያስርበትስ? ከመነዳሪ ጠንካራ ነው፤ ይለጠጣል፤ ውሃም አየርም አያሳልፍም። ግን ቤንዚን ሲነካው ውሎ አድሮ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ፍሳሹም ተመልሶ ይመጣል። በውሃ የሚሟሟው ሳሙና ቤንዚንን ሲያቆም፣ ውሃን የሚያቆመው ጎማ በቤንዚን ይሸነፋል። የተገላቢጦሽ ይመስላል አይደል?

አይደለም። ሁለቱንም የሚያስረዳቸው አንድ ቀላል የኬሚስትሪ ሕግ ነው። የሰው ልጅ ይህን ሕግ ተጠቅሞ ለመኪና ነዳጅ የሚሆን ጎማ ለመሥራት ግን፣ መኪና ከተፈለሰፈ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ታሪኩ በጀርመን፣ በአሜሪካና በሊቢያ በረሃ ያልፋል፤ አንዱ ምዕራፉ ደግሞ እዚሁ አገራችን፣ መተከል ውስጥ ተጽፏል። (እ.ኤ.አ. ያላልኩባቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ተደብቆ የሚያፈሰው ቦታ

ማንቡክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቻግኒ ተነስቶ በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ጉባና ወደ ህዳሴ ግድብ የሚሄደው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። አካባቢው ቆላ ነው፤ ይሞቃል። እንዲህ ባለ ከተማ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ እህል ታወርዳለች፣ ሲሚንቶ ትጭናለች፣ ሰው ሲታመም ደግሞ አምቡላንስ ትሆናለች። ስለዚህ "ትንሽ ታፈሳለች" ተብላ ጥግ የምትቆም ዕቃ አይደለችም።

ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መጀመሪያ የነዳጁን መንገድ እንከተል። ታንኩ ከጭነት ሳጥኑ ሥር፣ ሻንሲው ላይ ታስሯል። ነዳጅ የምትሞሉበት ክዳን ያለው ግን ከላይ፣ በሳጥኑ ጎን ላይ ነው። ከክዳኑ ወደ ታች የሚወርደው የብረት ቧንቧ "የመሙያ አንገት" ይባላል። ይህ አንገት ከታንኩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። መሀል ላይ አጭርና ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ማሰሪያ (ክላምፕ) ተጠፍረዋል። ከጎኑ ደግሞ ቀጠን ያለ ሌላ ቱቦ አለ፤ ነዳጅ ሲገባ በታንኩ ውስጥ የነበረው አየር የሚወጣው በእሱ ነው።

የብዙ አሮጌ ፒክአፖች ችግር ያለው እዚህች አጭር ጎማ ላይ ነው። የሚያደናግር ጠባይም አላት። ታንኩ ግማሽ ሲሆን ምንም አይታይም። ታንኩ ሲሞላ፣ ወይም መኪናዋ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል፣ ነዳጁ እስከ መጋጠሚያው ከፍ ይልና ያንጠባጥባል። ትንሽ ተነድታ የነዳጁ መጠን ሲወርድ ፍሳሹ "ራሱ ይድናል"። ባለቤቱም ይረሳዋል፤ እስከሚቀጥለው ሙሊት ድረስ።

ሙቀቱ ደግሞ ያባብሰዋል። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ መጠኑ ከሺህ አንድ ገደማ ይጨምራል። በቀዝቃዛው ንጋት 60 ሊትር ጢም አድርጋችሁ ሞላችሁ እንበል። እኩለ ቀን ላይ ነዳጁ በ20 ዲግሪ ከሞቀ፣ ከ1 ሊትር በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ወዴት ይሄዳል? ወደ አንገቱ ነዋ! አርጅታ የተሰነጠቀችው ጎማ እዚያ ትጠብቀዋለች።

አንገት ያልነበራቸው መኪኖች

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ አንገቱ ራሱ አልነበራቸውማ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ቤርታ ቤንዝ የባለቤቷን የካርል ቤንዝን መኪና ይዛ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አስከትላ፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳች። በዓለም የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ የሚባለው ይህ ነው። ነዳጅ ሲያልቅባት ከየት ቀዳች መሰላችሁ? ከፋርማሲ! ያኔ ለመኪናዋ የሚሆነው ፈሳሽ ለጽዳት ተብሎ በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ነበር። የነዳጅ ቧንቧው ሲደፈን ደግሞ በኮፍያዋ መርፌ ከፈተችው። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ላይ ያስቸገረው አንዱ ነገር የነዳጅ መተላለፊያው ነው፤ የጠገነችውም ሾፌሯ ራሷ ናት።

ወደ አገራችን መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት።

በዚያው ዓመት አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የወጣችው ፎርድ ሞዴል ቲ ደግሞ ታንኳ የፊት መቀመጫው ሥር ነበር። ነዳጅ ለመሙላት ሾፌሩ ይወርዳል፣ መቀመጫውን ያነሳል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ከጣሳ ይገለብጣል። ምን ያህል እንደቀረ የሚለካው በዱላ ነው! ፓምፕም የላት፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ታንኩ ጎደል ካለ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሞተሩ ነዳጅ ስለማይደርሰው፣ ሾፌሮች መኪናዋን አዙረው በማርሻ ኋሊት ዳገቱን ይወጡ ነበር።

ይህ አሠራር ቀላል ነው፤ የሚያፈስ መጋጠሚያም አልነበረውም። ችግሩ ሰውየው 38 ሊትር በሚይዝ የቤንዚን ታንክ ላይ መቀመጡ ነው። በኋላ የነዳጅ ፓምፕ ሲመጣ ታንኩ ከሰው ሥር ወጥቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ መሙያውም ወደ መኪናው ጎን ወጣ። ለሰው ደኅንነት ትልቅ እርምጃ ነው። ግን በዚያው ቅጽበት አዲስ ነገር ተወለደ፦ ታንኩንና መሙያውን የሚያገናኝ አንገት።

በላያ፣ ግመሎችና ቆርቆሮ

አሁን ወደ መተከል እንምጣ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ገደማ ስደት በኋላ ከሱዳን ተነስተው ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። አብሯቸው ኦርድ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነበር። አዎ፣ አዲስ አበባ ያለው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተሰየመለት ሰው ነው። "ጌዴዎን ኃይል" ተብሎ የተጠራው ትንሽ ጦር ዓላማው ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ጣሊያንን መውጋት ነበር። ከድንበር እስከ ጎጃም ደጋ ድረስ ያለው መካከለኛ መቆሚያ ደግሞ በዚሁ በዳንጉር በኩል ያለው የበላያ ተራራ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በላያ የደረሱት በጥር ወር መጨረሻ ነው።

ካርታ ላይ ርቀቱ ብዙ አይደለም። መንገድ ግን አልነበረም። ከድንበር የተነሱ የጭነት መኪኖች በድንጋዩ፣ በሸለቆውና በቁጥቋጦው ተፈተኑ። የጦሩን ስንቅና ጥይት የተሸከሙት በዋናነት ከሱዳን የተገዙ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች ናቸው። የበረሃ እንስሳ ዳገትና የደጋ ብርድ ላይ ወጥቶ የት ይደርሳል? ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። የተተወላቸው ትምህርት አንድ ነው፦ በዚህ መሬት ላይ የሚሄድ ማንኛውም ነገር፣ እንስሳም ሆነ መኪና፣ የሚፈተነው በሜዳው ጥንካሬው ሳይሆን በየመገጣጠሚያው ነው።

በዚያው ጦርነት፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ፣ የእንግሊዝ ሠራዊት ነዳጁን የሚያጓጉዘው በስስ ቆርቆሮ ጣሳ ነበር። አንዱ 4 ጋሎን፣ 18 ሊትር ገደማ ይይዛል። ርካሽ ነው፣ ተጠቅመህ የምትጥለው ዓይነት። ጠርዙ ታጥፎ በእርሳስና ቆርቆሮ ቅልቅል ተበይዷል። መኪና ላይ ተደራርቦ ሲንገጫገጭ ስፌቱ ይከፈታል። ጄኔራል ኦኪንሌክ ከመጋዘን እስከ ተጠቃሚው ባለው መንገድ 30 በመቶ ገደማ ነዳጅ እንደሚጠፋ ገምተው ነበር። እስቲ አስቡት፦ ከአሥር የነዳጅ መኪና የሦስቱን ጭነት አሸዋው ይጠጣዋል። የጠፋውን ነዳጅ ለመተካት ሌላ መኪና ይላካል፤ ያም ነዳጅ ይበላል፣ ያም ያፈስሳል።

የጀሪካን ምስጢር

ጀርመኖቹ ግን ሌላ ዕቃ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ቪንሴንት ግሩንፎግል የተባለ መሐንዲስ ሽቬልም በምትባል ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነደፈ። እንግሊዞች ከጠላት ማርከው ሲያዩት ወደዱት፤ "ጄሪ" ለጀርመን ወታደር ያወጡት ቅጽል ስም ስለነበረ "ጄሪ ካን"፣ የጄሪ ጣሳ አሉት። ዛሬ በየቤቱ ውሃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው።

ምኑ ነው ብልጫው? እንደ መሐንዲስ ስመለከተው የሚያስደንቀኝ የመጋጠሚያዎቹ ቁጥር ነው። ብዙ ቁራጭ ከመስፋት ይልቅ ሁለት ግማሽ ብረቶች በፕሬስ ተቀርጸው ዙሪያቸውን በአንድ ብየዳ ተያያዙ። ብየዳው ወደ ውስጥ ገባ ስላለ ሲወድቅ መሬት አይመታውም። ጎኑ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ለጌጥ አይደለም፤ ብረቱን ያጠነክራል፣ ነዳጁ በሙቀት ሲሰፋም ጎኑ ትንሽ እንዲነፋ ያደርጋል። ሃያ ሊትር ሞልቶም ከላይ የአየር ክፍተት ይቀራል። ክዳኑ በሊቨር ተጭኖ ጓርኒሲዮኑ ላይ ይቆለፋል፤ መፍቻ አይፈልግም። አፉ ውስጥ የአየር መግቢያ ስላለ ሲቀዳ አይንቦጫረቅም።

አሜሪካኖች መጀመሪያ ሲቀዱት ምን ሆነ መሰላችሁ? ቅርጹን፣ መጠኑንና እጀታዎቹን ያዙ፤ ብየዳውን ግን በታጠፈ ስፌት ተኩት፤ ክዳኑም መፍቻና ማንቆርቆሪያ የሚፈልግ ሆነ። ውጤቱ? አፈሰሰ። ዕቃውን ቀድተው መጋጠሚያውን ተዉት፤ ዋናው ፈጠራ ግን መጋጠሚያው ላይ ነበር።

ጎማ በቤንዚን ፊት

ወደ ፒክአፗ አንገት እንመለስ። ጀሪካን መጋጠሚያን በመቀነስ አሸነፈ። የመኪና አንገት ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ለምን? ታንኩ የታሰረው ሻንሲው ላይ ነው፤ መሙያው ደግሞ የጭነት ሳጥኑ ላይ። መኪናዋ ድንጋያማ መንገድ ላይ ስትሄድ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ሳጥኑ ደግሞ በራሱ መንገድ ይንቀሳቀሳል። ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ግን በቀን በሺዎች ጊዜ ይደጋገማል።

እዚህ አካባቢ የጉሙዝ ሴቶች ዕቃ ሲሸከሙ አይታችሁ ይሆናል። በትከሻቸው ላይ ዘንግ ያጋድማሉ፣ በሁለቱ ጫፎች ሸክም ያንጠለጥላሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ ዘንጉ ትንሽ ይለምጣል፤ የእርምጃው ንዝረትም ሙሉ በሙሉ ወደ ሸክሙ አይደርስም። በአንገትና በታንክ መሀል ያለችው ጎማም ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሁለት ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን ሳታጣላ ታገናኛለች። ጎማዋን አውጥቶ በብረት ቧንቧ የበየደ ሰው ችግሩን የፈታ ይመስለዋል። ንዝረቱ ግን የሚሄድበት ስለሚያጣ ደካማውን ቦታ ፈልጎ፣ ብዙውን ጊዜ የታንኩን ስስ ቆርቆሮ፣ ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ ጎማ የግድ ነው። ግን የትኛው ጎማ?

ቻርልስ ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ጠንካራና ተለጣጭ እንደሚያደርገው ደረሰበት። ዓለም በዚህ ጎማ ተለወጠ። ቤንዚን ላይ ግን አልሠራም። ምክንያቱ መጀመሪያ ቃል የገባሁላችሁ ሕግ ነው፦ ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል። ቤንዚን የተሠራው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ነው። የተፈጥሮ ጎማም እንዲሁ፤ ሰንሰለቱ እጅግ ይረዝማል እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ስለዚህ የቤንዚን ሞለኪውሎች በጎማው ሰንሰለቶች መሀል እንደ ዘመድ ሰተት ብለው ይገባሉ። ድኙ ሰንሰለቶቹን አስሮ ስለያዘ ጎማው ጨርሶ አይሟሟም፤ ግን ያብጣል፣ ጉልበቱንም ያጣል።

ሳሙናስ? የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ የኤሌክትሪክ ሙላት አለው። ሞለኪውሎቹም በእነዚህ ጫፎቻቸው ተያይዘው ጠጣር ይሠራሉ። ውሃ ራሱ አንድ ወገኑ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወገኑ ትንሽ ኔጌቲቭ ስለሆነ ይህን ትስስር መፍታት ይችላል። ቤንዚን ግን እንዲህ ያለ ወገን የለውም፤ ሳሙናውን የሚፈታበት እጅ የለውም። ሾፌሩ ሳያውቀው ትክክለኛ ኬሚስትሪ ሠርቷል ማለት ነው። ችግሩ ሳሙና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲንቀጠቀጥ ይረግፋል፣ ዝናብ ሲመታው ይታጠባል። መንገድ ያደርሳል እንጂ አያኖርም።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? ቤንዚን አያስፈልጋችሁም። ተራ የጎማ ፊኛ ንፉ። ከዚያ የብርቱካን ልጣጭ ወደ ፊኛው አዙራችሁ በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉ፤ የሚረጨው ዘይት ሲነካው ፊኛው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይፈነዳል። በልጣጩ ውስጥ ያለው ሊሞኒን የሚባል ዘይት ልክ እንደ ቤንዚን የካርቦንና የሃይድሮጅን ዘር ስለሆነ ስሱን ጎማ ያላላዋል። በፊኛው ላይ ውሃ ብትረጩ ግን ምንም አይሆንም። (ዓይናችሁን ጠብቁ።)

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጀርመን ኬሚስቶች ነው። በጎማው ሰንሰለት ውስጥ ናይትሮጅን ያለበት ክፍል በየመሀሉ አስገቡ። ያ ክፍል እንደ ውሃ ሁለት ወገን አለው፤ ስለዚህ ቤንዚን እንደ ድሮው በቀላሉ ሰተት ብሎ መግባት አቃተው። ናይትራይል ጎማ የሚባለው ይህ ነው። እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ለቤንዚን ግን እንደ ሳሙናው ፊቱን ያዞራል። የሾፌሩ ሳሙና ያልቻለውንና ከመነዳሪው ያልቻለውን ሁለቱን በአንድ ላይ ያዘ።

ጎማውን ጨምቆ የሚይዘው ማሰሪያም የራሱ ታሪክ አለው። ላምሊ ሮቢንሰን የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰው እ.ኤ.አ. በ1921 ጥርስ ያለው የብረት ቀበቶ በአንድ ጠመዝማዛ የሚጠብቅበትን ክላምፕ አወጣ። ሽቦ ጎማውን በአንድ መስመር ይቆርጠዋል፤ ይህ ግን ዙሪያውን እኩል ይጨምቃል። ከመቶ ዓመት በኋላም ቅርጹ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቶዮታ ሃይሉክስ ስትወጣ ናይትራይሉም ክላምፑም ዕድሜ ጠገብ ነበሩ።

ጋራዥ ውስጥ

ጋራዦቻችን በቃላቸው ታሪክ ይይዛሉ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ጓርኒሲዮን፣ ከመነዳሪ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ ለዚህም ነው ብዙ መካኒክ "ለምን" ብለው ሳይጠይቁት "እንዴት"ን አጥርቶ የሚያውቀው። እናንተ ግን "ለምን"ንም ስለምታውቁ፣ ጥገናው በትክክል መሠራቱን ማየት ትችላላችሁ። ሥራው የባለሙያ ነው፤ ዓይኑ የእናንተ ይሁን።

የመጀመሪያው ነገር እሳት ነው። ፍሳሽ ሲታይ "ብየዳ ቤት እንውሰዳት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተቃወሙ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ቁጥሩን ላስላላችሁ፦ 60 ሊትር በሚይዝ "ባዶ" ታንክ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ተንኖ ቢቀር ለፍንዳታ ይበቃል። ለዚህ ነው ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይልቅ ለበያጅ አደገኛ የሚሆነው፤ ሙሉው ውስጥ አየር የለማ።

ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞና ባትሪው ተነቅሎ ይጀመራል። የቡና ከሰል፣ ሲጋራና ክብሪት ይርቃሉ። ነዳጁ ከመጋጠሚያው በታች እስኪሆን ይቀዳል፤ በአፍ በመሳብ ግን አይደለም። ቤንዚን በስህተት ወደ ሳንባ ከገባ ጥቂቱም ክፉኛ ይጎዳል።

ቀጥሎ ማሰሪያዎቹ ይላላሉ። አሮጌ ጎማ ብረቱ ላይ ስለሚጣበቅ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ይፈትናል፤ ብረቱ ከተጫረ ግን አዲሱም ጎማ በዚያ ጭረት ያፈሳል። ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቆ መላጥ ይሻላል። ከዚያ የታንኩ አፍ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈንና የአንገቱ ጫፍ ዝገት በእጅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። በማሽን መሞረድ ብልጭታ ያመጣል።

አሁን ወሳኙ ጥያቄ፦ ምን ጎማ ይገባል? ብዙ ጊዜ የሚገኘው የራዲያተር ጎማ ነው። ውፍረቱ ይመሳሰላል፣ ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ነው። ግን የተሠራው ለሙቅ ውሃ ነው፤ ሰንሰለቱ የቤንዚን ዘመድ ነው። እንደ ከመነዳሪው ያብጣል። ሻጩን "የነዳጅ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ጎማው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። ቀጭኑ የአየር ቱቦም አብሮ ይቀየር፤ አብረው አርጅተዋልና። አገራችን በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ እንደነበር አስታውሱ፤ ነዳጁ ሲለወጥ ለድሮው ነዳጅ የተመረጠ ጎማም እንደገና መፈተሽ አለበት።

አዲሱ ጎማ ሁለቱንም የብረት ጫፎች በደንብ መልበስ አለበት፤ መጠምዘዝም መወጠርም የለበትም። ክላምፑ ጎማው በጠርዙ ትንሽ እስኪያብጥ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ይቆርጠዋል። አንዲት የምትረሳ ነገር አለች፦ ከአንገቱ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ሽቦ። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ አንገቱ ከመኪናው አካል ተነጥሎ ይቀራል፤ ነዳጅ ሲፈስ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙላት በሽቦዋ ካልወረደ ብልጭታ ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት ፒክአፕ ላይ የተጫነ ጀሪካን ሲሞላ መሬት ላይ ወርዶ መሆን አለበት።

መጨረሻ ላይ ነዳጁ ጥቂት በጥቂት ይሞላል፤ በየመሀሉ በነጭ ጨርቅ መጋጠሚያው ይዳበሳል። ሙሉ ሆኖ፣ መኪናዋ ጎንበስ ባለ ቦታ ቆማ፣ ጨርቁ ደረቅ ከወጣ ሥራው አልቋል። ከዚያ በኋላም ታንኩን እስከ አፉ ጢም አለማድረግ ነው፤ ለእኩለ ቀን ሙቀት አንድ ሁለት ሊትር ቦታ ተዉለት። የጀሪካኑ ነዳፊ ከላይ የአየር ክፍተት የተወው ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ስንዝር ጎማ? አዎ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ይሄዳል፤ ያሉት አሮጌ መኪኖች ግን እንደ ማንቡክ ባሉ ከተሞች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ እያረጁም ይሄዳሉ። ጎማዎቻቸውን የሚቀይሩት ዛሬ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ የሚያቀብሉ፣ የእናንተ እኩዮች የሆኑ ልጆች ናቸው። አንዱን የምታውቁ ከሆነ ስለ ሻይ ማንኪያዋ ንገሩት።